የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ የግቢያችንን ሁለት ኔትዎርኮች ያገናኘንበት ዓመት

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ክበብ በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ለ9ኛ ክፍል አዳዲስ አባላት የአማርኛ ትየባ አስተምሯል፤ ከአገልግሎት ውጭ የነበሩ ኮምፒውተሮችን ጠግኖ ለቤተ መጻሕፍቱ መልሷል፤ በወላጆች ቀንም ሥራውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብበትን ጊዜ አብዛኛውን የወሰደውና አባላቱ ከሁሉ በላይ የተማሩበት ሥራ አንድ ስለሆነ፣ ይህ ዘገባ የሚናገረው ስለዚያ ነው። ሥራው በአንድ ግቢ ውስጥ እያሉ በተለያዩ ፋየርዎሎች ተከልለው የኖሩትን ሁለት የውስጥ ኔትዎርኮች ማገናኘት ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከፍላሽ ነው። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሪከርድ ክፍሉና ፋይናንስ የሚገኙበት የአስተዳደር ሕንፃ የራሱ የኢንተርኔት መስመርና የራሱ ፋየርዎል አለው። ከታች ያሉት ላብራቶሪና ቤተ መጻሕፍትም በሌላ ጊዜ፣ በሌሎች ባለሙያዎች የተዘረጋላቸው የራሳቸው መስመርና ፋየርዎል አላቸው። ፋየርዎል በውስጥ ኔትዎርክና በውጭው መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን እየመረመረ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለቱም አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ እርስ በርስ የሚተያዩት እንደ ባዕድ ነበር። ስለዚህ መምህራን በላብራቶሪው የሞሉትን ማርክ ሊስት በፍላሽ ገልብጠው፣ ደረጃውን ወጥተው ለሪከርድ ክፍል ያስረክቡ ነበር። በአንደኛው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ የአንድ ክፍል ማርክ ሊስት በአንድ ፍላሽ ላይ በሁለት ቅጂ ተቀምጦ ኖሮ፣ ያልታረመው ወደ ሮስተር ገባና የአንዲት ተማሪ አማካይ ውጤትና ደረጃ ተዛብቶ በካርዷ ላይ ወጣ። አባቷ ካርዱን ይዘው በመጡ ዕለት የክፍል ኃላፊው መምህርና የሪከርድ ሠራተኛዋ የፈተና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ እስከ ምሽት ተቀመጡ። ስህተቱ ታርሟል፤ ልጅቱ ግን እስኪታረም ድረስ አልቅሳለች። የክበቡ መምህር እንደመሆኔ ይህን ሥራ ለክበቡ ያቀረብኩት በዚያው ሳምንት ነው።

የአባላቱ የመጀመሪያ ሐሳብ ከአንዱ ሕንፃ ስዊች፣ ማለትም የሕንፃውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ወደ ሌላው ስዊች አንድ ኬብል መሳብ ነበር። ሐሳቡን ከመከልከል ይልቅ በአንድ ቅዳሜ በላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ በሁለት አሮጌ ስዊቾችና አንዱን ኔትዎርክ ከሌላው በሚያገናኙ በሁለት ትንንሽ ራውተሮች እንዲሞክሩት አደረግሁ። ኬብሉ እንደተሰካ ሁለቱም ራውተሮች ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ፣ ማለትም በኔትዎርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ ማደል ጀመሩ፤ ሁለቱም ራውተሮች ራሳቸው 192.168.1.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ስለነበራቸው አንዱ ኮምፒውተር በዚህኛው፣ ሌላው በዚያኛው በኩል ለመውጣት ሲሞክር ቆየ፤ ጥቂት ቆይቶም የትኛው በየት እንደሚወጣ የሚያውቅ ጠፋ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለው ሰነድ ለውስጥ ኔትዎርኮች ብቻ የሚሆኑ ሦስት የአድራሻ ክልሎችን፣ ማለትም በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 የሚጀምሩትን ለይቶ አስቀምጧል፤ ብዙ አምራቾችም ከእነዚሁ መካከል 192.168.1 የሚለውን ከፋብሪካ ሞልተው ይልኩታል። ለ9ኛ ክፍሎቹ ያስረዳሁት በቀበሌ ነው። ሁለት ቀበሌዎች ተዋህደው አንድ ቢሆኑና የቤት ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ቢቀሩ፣ 101 ቁጥር ቤት ሁለት ይሆናል፤ መልእክት ይዞ የመጣ ሰውም የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ከዚህም የሚብሰው፣ በስዊቾቹ መካከል የሚሳብ ኬብል በሁለቱም ፋየርዎሎች ውስጥ የማያልፍ በመሆኑ፣ በላብራቶሪው የተቀመጠ ማንኛውም ተማሪ የፋይናንሱን ኮምፒውተር ያለ ምንም ከልካይ ማግኘት መቻሉ ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ በኢንተርኔት ላይ ቪፒኤን መዘርጋት ነበር። ቪፒኤን በተራራቁ ከተሞች ያሉ ቢሮዎችን በተመሰጠረ መንገድ ለማገናኘት ጥሩ ነው። በአንድ ግቢ ላሉ ሁለት ሕንፃዎች ግን በከተማችን በጎንደር ከፒያሳ አራዳ ለመሄድ ባሕር ዳር ደርሶ እንደመመለስ ይሆናል፤ ከሁለቱ የኢንተርኔት መስመሮች አንዱ በተቋረጠ ቁጥርም ግንኙነቱ አብሮ ይቋረጣል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም።

የወሰንነው በሁለቱ ፋየርዎሎች ላይ ሥራ ፈትተው ከቆዩት ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ከእያንዳንዱ አንድ ወስደን በቀጥታ ለማገናኘት ነው። ለዚህም በመጀመሪያ የላብራቶሪው አድራሻ ወደ 192.168.20 ተለወጠ፤ የአስተዳደሩን ያልነካነው አታሚዎቹና የሪከርዱ ሰርቨር (መረጃውን ይዞ ለሌሎች የሚያቀርበው ኮምፒውተር) አድራሻቸው በእጅ የተሞላ ስለነበር ነው። በፋየርዎሎቹ መካከል ለሚያልፈው መስመር 10.10.10.0/30 የሚባል ትንሽ ኔትዎርክ ሰጠነው። በውስጡ አራት ቁጥሮች ብቻ አሉ፦ የመጀመሪያው የኔትዎርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም የሚነገርበት ስለሆኑ፣ ለሁለቱ ፋየርዎሎች በትክክል ሁለት ይቀራሉ። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ፋየርዎል፣ የሌላኛው ሕንፃ አድራሻ ሲጠየቅ ወደ ኢንተርኔት ሳይሆን ወደዚህ መስመር እንዲልክ የሚነግር ቋሚ መንገድ ተጻፈ። ለቀረው ሁሉ ሁለቱም እንደ ቀድሞው በየራሳቸው የኢንተርኔት መስመር ይወጣሉ።

የፈቃዱ ጉዳይ ከኬብሉ ይበልጥ ጊዜ ወስዷል፤ መውሰድም ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቹን ወደ ፋሲል ግቢ ይዣቸው የሄድኩት ለዚህ ነው። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል የሚሆነው አጥር አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ወንበር በር እየተባሉ የሚጠሩትም በአብዛኛው በሚገለገልባቸው ሰው ወይም ሥራ ነው። ከዚያ እንደተመለስን የፈቃድ ሰንጠረዥ አዘጋጀን፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ማን፣ ወደ ማን፣ በየትኛው ፖርት (እዚህ ላይ መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎት ቁጥር ማለት ነው)፣ ለምን እና በማን ፈቃድ የሚሉ ዓምዶች አሉ። የመምህራን ኮምፒውተሮች ወደ ሪከርድ ሰርቨር በ443፣ ማለትም በተመሰጠረ ድረ ገጽ ቁጥር፣ ብቻ ይገባሉ። ከአስተዳደሩ በኩል በቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ላይ ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም የተጫነውን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፔዲያና የጋራውን ፎልደር ማየት ይቻላል። የተማሪዎች ኮምፒውተሮች ወደ አስተዳደሩ ምንም ዓይነት መንገድ የላቸውም። ወደ ፋይናንስ ከሌላው ሕንፃ ማንም አይገባም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሰንጠረዡን ሦስት ጊዜ አንብበው፣ የእርሳቸው ኮምፒውተር በላብራቶሪ በኩል ሲሞከር በፋየርዎሉ ሎግ ላይ «ተከልክሏል» የሚል መዝገብ በዓይናቸው ለማየት ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ በኋላ ላይ በተግባር አሳየናቸው። ርዕሰ መምህሩም በሰንጠረዡ ላይ የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው።

የመስመሩን ርቀት አባላቱ በአጥሩ ጥግ በሜትር ሲለኩት ከ100 ሜትር አለፈ። የመዳብ የኔትዎርክ ኬብል በአንድ ዝርጋታ የሚፈቀድለት ደግሞ 100 ሜትር ነው። ርቀቱ ባያልፍ እንኳ ፋይበር እመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም በክረምት መብረቅ በሚበዛበት በጎንደር፣ ሁለት ሕንፃዎችን የሚያያይዝ መዳብ በአንዱ በኩል የገባውን የኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ሌላው ያደርሰዋል፤ የፋይበሩ መስታወት ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የፋይበሩንና በሁለቱ ጫፎች ብርሃኑን ወደ መዳብ የሚመልሱትን ሚዲያ ኮንቨርተሮች ወጪ የወላጅ መምህር ኅብረት ሸፈነ። ቦዩን ተማሪዎቹ ከጥበቃ ሠራተኞቹ ጋር ሆነው ዝናቡ ሳይገባ ቆፈሩ፤ ጫፎቹን የገጠመው ግን ባለሙያ ነው። ፋይበር ከመጠን በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ እንደሚያመልጥ ተማሪዎቹ ያወቁት፣ ባለሙያው ክሩን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ የመለኪያው ቁጥር ሲወርድ ባሳያቸው ጊዜ ነው።

ሙከራው ከፋሲካ በኋላ ተጀመረ። በመጀመሪያው ረቡዕ ከመምህራን ኮምፒውተር የሪከርድ ሰርቨሩ ገጽ ሲከፈት ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ሎጉን አብረን እናንብብ አልኳቸው። በአስተዳደሩ ፋየርዎል መዝገብ ላይ የመጣው ሁሉ 10.10.10.1 በሚል አንድ አድራሻ ተጽፏል። የላብራቶሪው ፋየርዎል ወደ ኢንተርኔት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በዚህ መስመር ላይም የውስጥ አድራሻዎችን በራሱ አድራሻ ይሸፍን ነበር፤ «ናት» (NAT) የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት ከወዲያ ማዶ ያለው ፋየርዎል መምህርን ከተማሪ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። በዚህ መስመር ላይ ናት እንዳይሠራ አደረግን፤ ወዲያውኑ ግንኙነቱ ጠፋ።

ሁለት ሳምንት የወሰደብን ይህ ነው። በመጨረሻ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አባል በአስተዳደሩ ፋየርዎል ላይ የሚያልፉትን ፓኬቶች (መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸውን ጥቅሎች) እየቀዳች ስትመለከት ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ጥያቄው ይደርሳል፤ መልሱ ግን በኢንተርኔቱ በኩል እየወጣ ነው» አለች። በላብራቶሪው ፋየርዎል ላይ የጻፍነው ቋሚ መንገድ ትክክል ነበር፤ በአስተዳደሩ ፋየርዎል ላይ በጻፍነው ግን አንድ ቁጥር ተሳስቶ ኖሮ፣ የ192.168.20ን መመለሻ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ መልሱን እንደማያውቀው ነገር ሁሉ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ በውጭ ደግሞ የውስጥ አድራሻን የሚያደርስ የለም። ናት በነበረበት ጊዜ ስህተቱ የተሸፈነው መልሱ የሚሄደው ፋየርዎሉ ወደሚያውቀው ወደ 10.10.10.1 ስለነበር ነው። ቁጥሩ ሲታረም ገጹ ተከፈተ፤ በሎጉም የእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ በስሙ ታየ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የቤተ መጻሕፍቱ የጋራ ፎልደር አልከፈት አለ። መንገዱም ፈቃዱም ትክክል ነበር። የከለከለው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው የዊንዶውስ የራሱ ፋየርዎል ነው፤ የፎልደር መጋራትን ሲጀመር የሚፈቅደው በዚያው ንዑስ ኔትዎርክ፣ ማለትም በአንድ የአድራሻ ክልል ውስጥ፣ ላሉ ብቻ ነውና። አንድ አባል ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፍቶ ችግሩን ፈታሁ አለ። እንዲመልሰው አድርጌ፣ ለዚያ ለአንዱ ቢሮ አድራሻ ብቻ ፈቃድ እንዲጽፍ ጠየቅሁት፤ ጻፈው፤ ሠራም።

በሰኔ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማርክ ሊስት በሙሉ በዚህ መስመር ተላከ፤ ወደ ሪከርድ ክፍል ፍላሽ ይዞ የወጣ መምህር አልነበረም። የላብራቶሪው ኢንተርኔት ተቋርጦ በዋለበት ቀን እንኳ ሥራው አልቆመም። መብራት ሲጠፋ ግን ከሁለቱ ሚዲያ ኮንቨርተሮች አንዱ ከጠፋ መስመሩ ስለሚሞት፣ ለሁለቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እንዲገዛ አመልክተናል።

ሌላም ያልተዘጋ ቀዳዳ አለ። በሰኔ የመጨረሻ ስብሰባችን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ «የመምህራኑን አድራሻ በእኔ ኮምፒውተር ላይ በእጄ ብሞላውስ?» ብሎ ጠየቀ። የመምህሩን ኮምፒውተር አጥፍተን በፊቴ እንዲሞክረው ፈቀድኩለት፤ የሪከርድ ሰርቨሩ የመግቢያ ገጽ ተከፈተለት። የይለፍ ቃሉ አስቆመው፤ ፋየርዎሉ ግን አሳልፎታል፤ ምክንያቱም የመምህራንና የተማሪዎች ኮምፒውተሮች እስካሁን በአንድ ንዑስ ኔትዎርክ ውስጥ ናቸው። መፍትሔው ሁለቱን በቪላን (በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ኔትዎርኮችን በሚፈጥር ዘዴ) መለየት ሲሆን፣ ያንን የሚችል ስዊች በላብራቶሪው የለም፤ ጥያቄው ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ቀርቧል። ተማሪው ያደረገውን ደረጃ በደረጃ በክበቡ መዝገብ ላይ ጽፎ፣ የፈቃድ ሰንጠረዡን ቅጂ ጨምሮ ለ10ኛ ክፍል አባላት አስረክቧል።