ለእትየ አስካል ጭምር የሚነበብ ደብዳቤ

ሮም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ጎንደር ለሚገኙት ለውድ አባቴና ለውድ እናቴ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። እማየ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ እትየ አስካል ልጇ ከጀርመን «በመርከብ ላዙርሽ» ካለቻት ወዲህ እንቅልፍ አጥታ እንደሰነበተች፣ እኔም ከዚያው ዓይነት ጉዞ ገና መመለሴ ስለሆነ ያየሁትን ሳልደብቅ እንድጽፍላት ነግረሽኝ ነበር። ስልኩ በየደቂቃው እየተቆራረጠ ነገሩን ስላበላሸብን ይኸው በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ ያሬድ ለሁላችሁም ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ቸኩሎ እንዳይዘል ግን ተቆጣጠሩት።

እኔም ብሆን ደስ ብሎኝ አልተሳፈርኩም። የምንከባከባቸው ሲኞራ 83 ዓመት ስለሞላቸው ልጆቻቸው የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ ስጦታ ገዙላቸው፤ ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ እኔም አብሬ ተጻፍኩ። መስከረም 24 ልንሳፈር በዋዜማው ምሽት ቴሌቪዥኑ፣ መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ጀልባቸው ሰጥሞ ያለቁትን 368 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የነበሩትን፣ መታሰቢያ ያሳይ ነበር። በመተማ ወጥቶ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ሲያልፍ ወሬው የጠፋው የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝና የዘጋሁትን ሻንጣ መልሼ ከፈትኩት። እኛ ቤት ባሕር ሲባል የሚታሰበው ያ ነው፤ የእትየ አስካልም ፍርሃት ከዚያ የመጣ ይመስለኛልና ማንም እንዳይስቅባት።

ባሕሩ አንድ ቢሆንም የሚሳፈሩበት ለየቅል ነው። የተሳፈርንበት መርከብ ርዝመቱ 300 ሜትር ይጠጋል። አባየ፣ የፋሲል ግቢን የከበበው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር መሆኑን በልጅነቴ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ የዚያን ቅጥር ሲሶ ቀጥ አድርገው ውኃ ላይ እንዳስቀመጡት ያስቡት። ተሳፋሪውና ሠራተኛው ተደምሮ ከ4000 በላይ ይሆናል። እትየ አስካል ደጋግማ ያነሣቻት ታይታኒክ በ1904 ዓ.ም. ስትሰጥም የያዘቻቸው የነፍስ አድን ጀልባዎች ከተሳፈረው ሰው ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚችሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በወጣው ዓለም አቀፍ ሕግ ግን መርከብ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ የሚበቃ፣ እንዲያውም ትርፍ ያለው የነፍስ ማዳኛ ቦታ ሳይዝ አይንቀሳቀስም። አደጋ ፈጽሞ የለም ብዬ ግን አልዋሽም። እኛ ከተነሣንበት ከቺቪታቬኪያ ወደብ የወጣው ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጥር 2004 ዓ.ም. ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተላትሞ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞችም የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለውጦ፣ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ተወስኗል። ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም በክፍል መክፈቻ ካርዱ ላይ ወደተጻፈለት መሰብሰቢያ መሄድ አለበት። ብዙው ሰው በዚያ ሰዓት ስልኩን እየነካካ ይስቃል፤ እትየ አስካል ግን ከክፍሏ እስከ መሰብሰቢያዋ ያለውን ደረጃ፣ በሊፍት ሳይሆን በእግሯ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብትመላለስበት ሌሊቱን በሰላም ትተኛለች። እኔ እንደዚያ ነው የተኛሁት።

እኔን የፈተነኝ ማቅለሽለሹ ነው። እማየ፣ ሊማሊሞን በአውቶቡስ ስንወርድ ሎሚ እያሸተትሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ የነበርሽበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ፤ የመርከቡም ነገር ከዚያ የተለየ አይደለም። በጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ ዓይን ደግሞ በዝግ ክፍል ውስጥ የቆመ ግድግዳ ብቻ ሲያይ፣ በሁለቱ ጠብ የሚታወከው ሆድ ነው። መርከቡ ከውኃው በታች፣ በግራና በቀኝ ጎኑ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ማረጋጊያ ስላለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልተሰማኝም፤ ከጎርጎራ ተነሥተን ጣና ላይ በጀልባ የሄድን ጊዜ ከዚህ ይልቅ ተንገላትቻለሁ። ከማርሴይ ወደ ባርሴሎና በምንሻገርበት ሌሊት ግን ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ የሚነሣበትን ባሕረ ሰላጤ ማቋረጥ ነበረብን። መጀመሪያ የሰማሁት በቁም ሣጥኑ ውስጥ የልብስ መስቀያዎቹ እርስ በርስ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ነው፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ያለው ውኃ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ሌላው፤ የሲኞራዋ ምርኩዝ ከግድግዳው ተንሸራትቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ስመላለስ አደርኩ፤ እሳቸው በ83 ዓመታቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ብስኩታቸውን በሉ። ማን ማንን ሊንከባከብ እንደሄደ እስካሁን ሲያነሡብኝ ይስቃሉ።

የረዳኝን ልንገራት። በዝግ ክፍል ከመተኛት ወደ ክፍቱ ሰገነት ወጥቶ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ማየት ይሻላል፤ ሆድን ባዶ አለመተውም ይረዳል፤ ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ልጅ ያመጣልኝ ደረቅ ዳቦና አረንጓዴ ፖም እንደ መድኃኒት ሆነልኝ፤ ዝንጅብልም ጥሩ ነው። ክኒኑ የሚሠራው ማቅለሽለሹ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ነው፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣና እትየ አስካልም የደም ብዛት መድኃኒት ስለምትወስድ፣ እዚያው ጎንደር ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትውጠው። ልጇ ክፍል ስትመርጥ ከመርከቡ መካከልና ከታችኞቹ ፎቆች ትምረጥ፤ ጫፉና ላይኛው ፎቅ የበለጠ ይወዛወዛሉ። መስኮት የሌለው ክፍል ርካሽ ነው፤ ሌሊቱና ቀኑ ግን አይለይበትም፤ ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ለምትነሣ ሴት አልመክረውም።

በዚያ ሰሞን ሁለት ቀን ስልኬ ጠፍቶ እማየ ለመድኃኔ ዓለም እስከ መሳል መድረስሽን ሰምቼ አዝኛለሁ። ምክንያቱ ገንዘብ ነበር። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልክ ሳይታወቅ በመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ይያያዛል፤ እኔም በመጀመሪያው ሌሊት ሳላጠፋው ተኝቼ የአንድ ቀን ደመወዜን ስለበላብኝ፣ ከዚያ በኋላ እንዳይደገም ዘግቼ አስቀመጥኩት። እትየ አስካልም ስልኳን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋ ወደብ ስትደርስ ብቻ ትደውል፤ እናንተም አትደንግጡ። በመርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም ነገር በካርዱ ይጻፋል፤ የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳ፣ ኢንተርኔትና የሠራተኞች ጉርሻ ሳይቀር በስተመጨረሻ አንድ ላይ ሲመጣ ያስደነግጣል። ልጇ ከመክፈሏ በፊት ምን እንደተካተተና ምን እንዳልተካተተ ትጠይቅ።

ስለ ጾሙ እትየ አስካል አትስጋ። ረቡዕና ዓርብ የደረሱት በጉዞው ላይ ነበር፤ በዋዜማው ለአስተናጋጁ «ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም» ስለው «ቪጋን» ብሎ ጻፈልኝና ምስሩ፣ ሽንብራው፣ በቲማቲም የተሠራው ፓስታ ተርፎኝ ነበር። በሻንጣዬ ይዤው የገባሁትን ዳቦ ቆሎም ማንም አልነካብኝም። የሚከብዳት ቡናው ነው። መርከብ ከማዕበል ይልቅ እሳትን ስለሚፈራ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ካውያ እንኳ ወደ ክፍል ማስገባት ክልክል ነው፤ ጀበናዋን ይዛ ከመጣች እንደ ጌጥ ተቀምጣ ትመለሳለች።

ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲበላ የሚዛመት የተቅማጥና የትውከት ሕመም ስላለ ከምግብ አዳራሹ በር ላይ የአልኮል መርጫ ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን ያን ሕመም አልኮሉ ብዙም አይበግረውምና ከመብላት በፊት በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይበልጣል፤ ይህን እጅ ሳያስታጥቡ ማዕድ ለማያቀርቡት ለእናንተ ማስተማር አያስፈልገኝም። ሐኪምና ነርሶች በመርከቡ ላይ አሉ፤ ክፍያቸው ግን ውድ ነው። ለሸንገን (በአንድ ቪዛ ለሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ዋስትና የመርከቡን ሐኪም ይሸፍን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መድኃኒቷንና ወረቀቶቿን በእጅ ቦርሳ ትያዝ፤ ትልቁን ሻንጣ በወደቡ ተቀብለው ወደ ክፍል የሚያደርሱት ከሰዓታት በኋላ ነው።

ወደብ ላይ መቅረትንም ፈርታለች ብለሽኛል። መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጣን ሰው ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣ ከዘገየ ግን ጥሎት ይሄዳል፤ በራሱ ወጪም እስከ ሚቀጥለው ወደብ መከተል አለበት። እኔ የእጅ ሰዓቴን ሁልጊዜ በጎንደር አቆጣጠር ስለምይዝ ባርሴሎና ላይ «እስከ 17፡30 ግቡ» ሲሉ 11 ሰዓት ተኩል ብዬ ያዝኩ፤ እናንተ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድሙን ረስቼ ሲኞራዋን በፀሐይ እያጣደፍኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀድሜ አደረስኳቸው። አኩርፈውኝ ነበር፤ ከመቅረት ግን ይሻላል።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ነው። እኛ የረገጥናቸው ወደቦች የጣልያን፣ የፈረንሳይና የስፔን ስለሆኑ ሁሉም በሸንገን ውስጥ ናቸው፤ እኔም በፓስፖርቴና በመኖሪያ ፈቃዴ ያለችግር አለፍኩ። ነገር ግን መርከቡ ቱኒዚያን፣ ቱርክን ወይም እንግሊዝን የሚነካ ከሆነ ከሸንገን ወጥቶ መመለስ ነው፤ በእትየ አስካል ቪዛ ላይ የመግቢያው ብዛት 1 ተብሎ ከተጻፈ አንዴ ከወጣች መግባት አትችልም፤ እነዚያም አገሮች የራሳቸውን ቪዛ ሊጠይቋት ይችላሉ። ወረቀቱ ያልተሟላለትን ሰው ደግሞ ወደቡ ላይ ከመሳፈር ያስቀሩታል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጇ ቀሪውን ከመክፈሏ በፊት ያሬድ የወደቦቹን ዝርዝር ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ፤ ቪዛውም ገና ካልተጠየቀ በማመልከቻው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ተብሎ ይሞላ።

ለጎረቤቶቻችን በሙሉ፣ በተለይም ለዚያ ልጅ እናት፣ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ፤ በመርከብ መሄዴን ግን አትንገሯት። ለእትየ አስካል አንድ ጋቢ በእጅ ቦርሳዋ እንድትይዝ ንገሯት፤ ሰገነቱ ላይ ማታ ይበርዳል።

ልጃችሁ
ጥሩወርቅ