«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» የሚል ወሬ ይደራል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ማን ይክዳል? ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ግን ጉድለቱ 12ኛ ክፍል ላይ ታየ እንጂ እዚያ አልተፈጠረም። ሳይገባው «ገባኝ» እያለ ከክፍል ክፍል ያለፈ ልጅ ነው እዚያ የደረሰው። እኔ እዚሁ ሀዋሳ 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለማየው ነገር ልጻፍ።

መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ያልገባውም አብሮ ይጮኻል። ምን ያድርግ? ብቻውን እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ቢል ይሳቅበታል። ስለዚህ ያ «አዎ» ለመምህሩ ምንም አይነግረውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ 9ኛ ክፍል ደርሰውም 2/5 የሚሉ ልጆች ሞልተዋል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ማለት ነው። ኤክስ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። አንዱን ልጅ ግን «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አስረዳኝ» አልኩት። መጀመሪያ የምቆጣው መስሎት ፈራ። ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ከሁለት ሪጎሬ አንዱን አገባሁ። ከሦስት ደግሞ አንዱን አገባሁ። ከአምስት ሁለት አገባሁ ማለት አይደል?» አለኝ።

ልክ ነዋ! ለሪጎሬ ከሆነ ልጁ አልተሳሳተም። ያላየው ነገር አንድ ነው፤ ክፍልፋይ ሲደመር ሁለቱም ከእኩል ሙሉ ነገር የተቆረጡ መሆን አለባቸው። «ግማሽ ዳቦ ይዘሃል። ከሌላ እኩል ዳቦ ደግሞ ሲሶ ተጨመረልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ዳቦ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኩት። «ይበልጣላ!» አለ። «2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል?» ዝም አለ። ደብተሩ ላይ ዳቦ ሣለ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ሣለ። በመጨረሻ ዳቦውን ስድስት ቦታ ከፋፍሎ ሦስቱንና ሁለቱን አጠቆረ። «አምስት ስድስተኛ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቶቹ ሁሉ ዞር አሉ። ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ቢያየው ኖሮ ይህ ልጅ ሒሳብ እንደማይችል አምኖ ይቀመጥ ነበር።

የምንቸኩለውም ነገር አለ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚታገሱ ለክታ ነበር። ብዙዎቹ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ማለት ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ለማንም አይከብድም። ለእኛ ተማሪ ደግሞ ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣለት። እሱ በሲዳሙ አፎ ወይም በአማርኛ ያስብና መልሶ እንግሊዝኛውን ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲወያዩ አደርጋለሁ፤ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን የማይወዱ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ሐሳቡ ከተያዘ ቃሉ አያስቸግርም ባይ ነኝ።

ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውንም ቶሎ ሰነፍ አንበል። እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ የምትገባ ልጅ ታናናሾቹን አብልቶ፣ አጥቦ፣ አስተኝቶ ነው ደብተር የሚያነሳው። ይህን የማወቂያው መንገድ ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ደህና ነህ?» ማለት ነው። ሰው ፊት መጠየቅ ግን ማሸማቀቅ ይሆናል።

«ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ፖርሽን መሸፈን አለበት፣ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይምጣ?» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። መምህሩ ኑሮው ከብዶታል፤ እሱንም አውቃለሁ። ሆኖም ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ተማሪዎቹ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ሳይጽፉ ያልገባቸውን አንድ ነገር ይጻፉ። ወረቀቶቹን ማገላበጥ የሻይ ሰዓት አይፈጅም። የነገው ትምህርት ከየት መጀመር እንዳለበት ከዚያ ይታወቃል። ስም ስለሌለው ማንም አያፍርም።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምን። ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ደብተሩን ግለጡና ኤክስ የተደረገበትን ጥያቄ አሳዩት፤ «ይኼን እንዴት ሠርተኸው ነው?» በሉት። መልሱን እናንተ ባታውቁትም ልጁ ሲያስረዳ አድምጡት።

የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎችም ሱፐርቫይዘር ስትልኩ የትምህርት ዕቅድ መጻፉን ብቻ አይቶ አይመለስ። ኋላ ወንበር ይቀመጥና ከመምህሩ ሌላ እነማን እንደተናገሩ ይመዝግብ። በዚያ ክፍለ ጊዜ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ከሌለ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ለምን እንደሆነ ይነጋገር።

መምህሩ ነኝ
ከሀዋሳ