ሶስዬ፣ እኔ ነኝ፣ ከጅማ

ሶስዬ፣

ሁለት ዓመት ጠፍቼ ደግሞ ለራሴ ጉዳይ መጣሁ። የእማማን ለቅሶ በሰው አፍ ሰምቼ ስልክ ማንሳት አቃተኝ። ስንገናኝ ትወቅሽኛለሽ። አሁን ስሚኝ፣ ጨንቆኛል።

ሐሙስ የማስተርስ ጽሑፌን አቀርባለሁ። የጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም፤ አባዬ ነው። እሁድ ቤት ስሄድ ጓሮ ወስዶ ቡናውን አሳየኝ። ገና አረንጓዴ ፍሬ፣ ጎኑ ላይ የጎደጎደ ጥቁር ቁስል። ያው በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ የታየው፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። ከመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣውን፣ በሽታውን የሚቋቋመውን 74110 የሚባል የቡና ዝርያ ትከል ሲሉት «የአባቴን ቡና አልነቅልም» ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

«የምትማሪው ስለዚህ አይደል? ተክሉ እንዴት ዝም ብሎ ያስገባዋል?» አለኝ።

ነገርኩት። የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር አለበት። ተክሉ የካይቲን ስባሪ ሲያገኝ ሌባ መጣ ብሎ ይነሳል። ሩዝ የሚያጠቃው ፈንገስ ታዲያ ስባሪውን እየያዘ የሚደብቅ ፕሮቲን አለው፤ ኤስኤልፒ1 ይሉታል። ይሄ ፕሮቲን ስኳር ካልለበሰ አይረባም። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የስኳሩን ሰንሰለት ከሚሠሩት ጂኖች አንዱን ሲያጠፉ፣ ፕሮቲኑ አልጸና አለ፣ ካይቲኑን መያዝ አቃተው፣ ሩዙም ነቃ። ለጅማ ቡና ገበሬ የሩዝ ወሬ! አትሳቂ።

አባዬ ሁለተኛው ስኒ እንኳ ሳይቀዳ «ታዲያ ስኳሩን መከልከል ነዋ!» አለ። እኔ ስንት ወር የፈጀብኝን!

ችግሩ ያንን ስኳር ቡናውም፣ እኔና አንቺም መነሻውን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የምንሠራው። ቱኒካማይሲን የሚባል ውህድ አለ፣ የስኳሩን ሥራ ያቋርጠዋል፤ ግን ፈንገሱን ለይቶ አይመታም። ይህን ስነግረው መልስ አልሰጠኝም። ጥቁሩን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀመ ኮፍያው ውስጥ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሐሙስ እመጣለሁ ብሏል፤ ከኋላ ሊቀመጥ። ለፈታኞቹ በእንግሊዝኛ አወራለሁ፣ ለሱ ግን አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማስገባት አለብኝ። የአማርኛ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ። ግላይኮሲሌሽንን፣ ይሄን ፕሮቲኑ ላይ ስኳር የመግጠሙን ነገር፣ ምን ልበለው? «ስኳር ማልበስ» ስል ከረሜላ ነው የሚመስለው።

ረቡዕ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ እማማ ነው የማወራው። ካላነሳሽም... አይ፣ አንሺ።

ያንቺው ጥፍት