ወደ ቦርከና ወንዝ ስለሚወርደው መድኃኒት ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቁም ሳጥኗን ስታጸዳ ጊዜው ያለፈበት ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕ አገኘች። አንዱን ይዛ ወጣችና መንገድ ዳር ካለው ቱቦ ደፋችው። «እማዬ፣ ይሄ የት የሚሄድ ይመስልሻል?» ብላት «ወደ ቦርከና ነዋ!» አለችኝ።

የተደፋው ብቻ አይደለም የሚወርደው። የዋጥነውም ይወጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወደ ግማሽ የሚጠጋው እንዳለ ከሽንት ጋር ይወጣል። ታች ኮምቦልቻ ዙሪያ ደግሞ ገበሬው በዚያው ወንዝ ሽንኩርት ያጠጣል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሊትር የግራም ቢሊዮንኛ ነው የሚለካው። ሽንኩርት የበላ ሁሉ ይታመማል እያልኩ አይደለም። የሚያሳስበኝ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ መልመዱ ነው።

ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ ሰገራውን ይችለዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ካርባማዜፒንን ግን አብዛኛውን እንዳለ ያሳልፈዋል። ይህን የሚሰባብረው ኬሚካላዊ ኦክሲዴሽን ነው፤ ኃይለኛ ኬሚካል ኤሌክትሮን እየነጠቀ መድኃኒቱን ይበታትነዋል። ስዊዘርላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ማጣሪያዎቿ እንዲህ ያለው ብክለት 80 በመቶው እንዲወገድ በሕግ አስገድዳለች። ለዚህም ኦዞን የተባለውን ጋዝ የሚጠቀሙ አሉ።

እኛም ኦዞን እንግዛ? ለአሁኑ ይቅርብን። ኦዞን አይጠራቀምም፤ እዚያው በኤሌክትሪክ ተሠርቶ እዚያው ያልቃል። መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የፌንተን ዘዴ ይሻለናል። ቁስል የሚጠረግበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከብረት ጨው ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚቦጫጭቅ ነገር ነው። ጣጣ አለው። ውሃው በአሲድነት መለኪያው ፒኤች 3 አካባቢ እስኪደርስ አሲድ ይጨመርበታል፤ በኋላ በኖራ ይመለሳል፤ ዝገት የመሰለ ዝቃጭም ይተርፋል። ለከተማው ሙሉ ፍሳሽ አይሆንም። ለአንድ ሆስፒታል ግን ይሆናል፤ መድኃኒቱም ጠንከር ብሎ የሚገኘው እዚያ ነው። ብቻ ሰገራው አስቀድሞ ይጣራ፤ ያለዚያ ኬሚካሉ ሁሉ ለሰገራ ያልቃል። (በረኪና መድፋት መፍትሔ የሚመስለውም አለ። ክሎሪን ከቆሻሻው ጋር ሌላ ጎጂ ውህድ ይሠራል።)

አንድ ሆስፒታል ምረጡ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርባችን ነው፤ በጥቂት ጄሪካን ፍሳሽ ይሞክሩልን። ከጤና ሰዎች ጋር ተነጋግራችሁም ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚጣልበት ሳጥን ፋርማሲዎች ውስጥ አስቀምጡልን።

የእናቴ ሁለተኛው ጠርሙስ እስካሁን መስኮቱ ላይ ነው። ወዴት ልውሰደው?

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ