«የጠፈርተኞች ሰዓት» ስለተባለው ማስታወቂያችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ቸርችል ጎዳና በሚገኘው ሱቃችን በር ላይ ለጥፈነው የነበረውን «የጠፈርተኞች የልብ ምት ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ማንሣታችንን እየገለጽን፣ ያነሣንበትን ምክንያት ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

የጠፈርተኞች ልብ ከጥንት ጀምሮ በዋናነት የሚለካው ደረት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚቀበሉ ትናንሽ መሣሪያዎች) ነው። ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 ምድርን ሲዞር የልቡ ምት በሬዲዮ ወደ ምድር ይተላለፍ ነበር፤ በ1969 ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ሲያርፍም ልቡ በደቂቃ 150 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አፖሎ 15 የተባለው የ1971ዱ የአሜሪካ የጨረቃ ጉዞ ታሪክ ነው። ጠፈርተኛው ጄምስ ኧርዊን ከጨረቃ ከተነሣ በኋላ የልቡ ምት ሥርዓቱን ማዛባቱን ሐኪሞች ያወቁት የልቡን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየውን መስመር ይመለከቱ ስለነበር ነው፤ የምት ብዛት ብቻ ቢደርሳቸው ኖሮ መዛባቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይተው ባላወቁ ነበር። ለመዛባቱ ምክንያት ፖታሲየም የተባለው ማዕድን እጥረት ስለተጠረጠረ የአፖሎ 16 ተጓዦች ፖታሲየም የተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ ተሰጣቸው። በ2019 ደግሞ ካናዳዊው ዳቪድ ሴንት ዣክ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ኤሌክትሮዱ ከጨርቁ ጋር የተሠራ ሸሚዝ ለብሶ ሞክሯል።

እኛ የምንሸጠው ሰዓት አሠራሩ ሌላ ነው፤ ስለዚህም «የጠፈርተኞች» መባል አይገባውም ነበር። ከጀርባው የሚወጣውን አረንጓዴ ብርሃን ደም ስለሚውጠው፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ የሚመለሰው ብርሃን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱም ይህን ይቆጥራል። ለዕረፍት ጊዜና ለተረጋጋ ሩጫ በቂ ነው። ማሰሪያው ከላላ፣ ክንድ በኃይል ከተወዛወዘ ወይም በእንጦጦ የማለዳ ብርድ የእጅ ደም ስሮች ከጠበቡ ግን ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በፍጥነት ለምትሮጡ የደረት ቀበቶ (ደረት ላይ ታስሮ የልብ ምት የሚለካ) ይሻላችኋል።

ሁሉም ቅሬታ ግን የሰዓቱ ጥፋት አይደለም። ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ደንበኛችን «እዚህ ቁጥሩን ያበዛል» ብለው ሰዓቱን መልሰውልን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ልብ ስስ በሆነው አየር ለጥቂት ቀናት ፈጠን ብሎ ይመታል። ሰዓቱ ልክ ነበር፤ በወቅቱ ይህን ሳናስረዳቸው ሌላ ሰዓት መስጠታችን ግን የእኛ ስሕተት ነው።

ማስታወቂያውን አምናችሁ የገዛችሁ ደንበኞች ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ብትመጡ፣ እንደ ምርጫችሁ ገንዘባችሁን እንመልሳለን ወይም በደረት ቀበቶ እንለውጥላችኋለን። ሰዓቱ የሐኪም መሣሪያ ስላልሆነ፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ያጋጠመው ሰው የሰዓቱን ቁጥር ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ በጥብቅ እናሳስባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ