ቦርጩ የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከልክ ስላለፈ ውፍረት የሚጻፈው ነገር ሁሉ ሁለት ጎራ ይዟል። አንዱ «አፉን የከፈተው ራሱ ነው፤ ማን አስገድዶ አጎረሰው?» ይላል። ሌላው ለስላሳ ፋብሪካውን፣ ብስኩት ፋብሪካውንና ማስታወቂያውን ይረግማል። እኛ ጎንደር ውስጥ በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። በእኛ እይታ ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ስኳሩንና ዘይቱን የጨመረው እጅ የማን ነው? ወጡ ላይ ዘይት ያፈሰሰው ቤተሰቡ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር የከተተው ፋብሪካው ነው። ጁሱንና ሻይውን ያጣፈጠው ባለ ቤቱ ነው። ተጠያቂነቱም በዚያው መጠን መከፋፈል አለበት።

ከቤት እንጀምር፤ ማንም መስማት የማይወደው ክፍል እሱ ነውና። የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ያለቀበትንም እንዲሁ። አምስት ሰው የሚበላበት ቤት ጀሪካኑን በ30 ቀን ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህ 275 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። በ20 ቀን ካለቀ ግን 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ410 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃት ሴት አንድ አምስተኛው ገና እንጀራው ሳይቆረስ በዘይት ተሞላ ማለት ነው። ልኬቱን የሚያበላሸው አቆጣጠር ነው። የቤት ሠራተኛዋና ምሳ እየመጣ የሚበላው ዘመድ ይረሳሉ፤ ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል። ዓመት በዓል ያለበት ወርም አይመረጥ። ሁለት ጀሪካን በተከታታይ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

ዘይቱ ለምን በዛ? መልሱ ቁሌቱ ላይ ነው። የቆየው አሠራር ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ለዘብ ባለ እሳት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየታገዙ ማቁላላት ነው። አንድ ኪሎ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት እንዲህ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እሳቱ ከበረታ፣ ወይም ድስቱ ስስ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ሽንኩርቱ ሥር ሥሩን ይይዛል። ሲይዝ ዘይት ይጨመራል፤ እንደገና ሲይዝ እንደገና ይጨመራል። ዘይቱ የገባው ለጣዕም ሳይሆን ለማዳን ነው። መፍትሔው ወፍራም ድስት፣ ትንሽ እሳትና አጠገብ የተቀመጠ ፍል ውኃ ነው፤ ሊይዝ ሲል ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጠብ ማድረግ። ዘይቱ መጨረሻ ላይ፣ በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ ለአንድ ተመጋቢ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጭልፋ ከጭልፋ ይለያያል፤ የቤታችሁ ጭልፋ ስንት ማንኪያ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ በውኃ ብትለኩት ትደነግጣላችሁ።

«ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም» የሚለው አባባል መሠረት አለው። ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ዘይቱ ይለያል፤ መንሳፈፉ የመብሰል ምልክት የሆነው በዚህ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከበዛ ያልበሰለውም ይንሳፈፋል። በልኩ ለተሠራ ቁሌት ምልክቱ ሌላ ነው፦ ማማሰያው የድስቱን ወለል ሲጠርግ መንገዱ ቶሎ አይዘጋም፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታም ይጠፋል። ሌላው ስሕተት «የኑግ ዘይት ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ማፍሰስ ነው። ኑግ ከሚረጋው የፓልም ዘይት ለልብ ይሻላል፤ የፓልም ቅባት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። በካሎሪ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አንዱ ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ። በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ድንቹ፣ ሩዙና ፓስታው በዘይት ሲዋኝ የምናየው ይህ ስለተረሳ ነው።

እዚህ ላይ «ራሱ ነው ጥፋተኛው» የሚሉትን እንጠይቅ። ይህን ግማሽ ሰዓት የምንጠይቃት ሴት ከአዘዞ በባጃጅ ተጋፍታ ቤቷ የምትደርሰው 12 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ራት ይጠብቃሉ፤ መብራት ይኖራል አይኖርም አይታወቅም። ዘይት የጊዜ ምትክ ሆኖ ነው የገባው። ስለዚህ በቤት ውስጥ የግል ኃላፊነት ስንል ማማሰያውን የያዘችውን ብቻ መውቀስ አይደለም። ባልየው ሽንኩርት ቢከትፍ፣ ቅዳሜ ለሳምንት የሚሆን ቁሌት ተሠርቶ በየዕለቱ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ፣ የዘይቱ ጉዳይ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው። መለያው ላይ «በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር» የሚል ለስላሳ ቢያጋጥማችሁ ለ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በ3 አባዙት፤ 32 ግራም ነው፣ 8 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር። ግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ 53 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ለ2,000 ኪሎ ካሎሪ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። አንዱ ፕላስቲክ የላይኛውን ጣሪያ ብቻውን አልፎታል። የትኛው ጠጪ ነው ከባጃጅ ወርዶ፣ ኪዮስክ በር ላይ ቆሞ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቁጥር በ5 የሚያባዛ?

ፍላጎት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ጠንካራ ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት ተቋሙ ውስጥ አኑሮ መገበ። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ያልተቀነባበረ። የቀረበላቸው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባትና በአሰር ተመጣጣኝ ነበር፤ ያሻቸውን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። በተቀነባበረው ሳምንታት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አስበልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ክብደት ጨመሩ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ ሆድ አምላኪነት በሁለት ሳምንት መጥቶ በሁለት ሳምንት አይሄድም።

ኢንዱስትሪው ይህን ክርክር ወደ ግለሰቡ ለመግፋት ገንዘብ ማውጣቱም የተመዘገበ ነው። የአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ከፍሎ፣ በልብ ሕመም ላይ የስኳርን ድርሻ የሚያሳንስና ጣትን ወደ ቅባት የሚቀስር ጽሑፍ በ1967 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ክፍያው በሰነድ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኮካ ኮላ የሚደጉመውና «ዋናው እንቅስቃሴ ነው» የሚል የተመራማሪዎች ቡድን ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ በዚያው ዓመት ፈረሰ። እንቅስቃሴ መልካም ነው፤ ከማራኪ ወደ ፒያሳ ዳገቱን በእግር መውጣት ለልብም ለስኳርም ይጠቅማል። ሒሳቡ ግን አይደባለቅ፦ የአንዱን 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጉልበት ለማቃጠል 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊራመድ ይገባዋል። ጠርሙሱ የሚያልቀው በአምስት ደቂቃ ነው።

የፋብሪካው እጅ ሊታጠፍ እንደሚችል እንግሊዝ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው ለስላሳ ይቀረጣል፤ ከ8 ግራም ጀምሮ ያለው የበለጠ። ቀረጡ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ ስለተነገረ ብዙ አምራቾች ቀኑ ሳይደርስ ስኳሩን ቀነሱ። የእኛም አገር ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጥን አካቷል፤ ደግ ነገር ነው። ግን ታክሱ የሚታሰበው በዋጋው ላይ እንጂ በስኳሩ ግራም ላይ አይደለም። 11 ግራም የጨመረውና 5 ግራም የጨመረው በአንድ መቶኛ ከተቀረጡ አምራቹ ስኳር የሚቀንስበት ምን ምክንያት አለው? በግራም ደረጃ ይውጣለት እንላለን። አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲከለከል አገር አልፈረሰም፤ ልጆች በሚያዩት ሰዓት የለስላሳ ማስታወቂያን መገደብም አገር አያፈርስም። የቺሊ ዓይነት ከፊት ለፊት የሚለጠፍ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት፣ «ስኳሩ የበዛ» የሚል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እዚያ ይሠራበታል። ማባዛት ለማይችል ሰው የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው።

በቤትና በፋብሪካ መካከል ያሉ እጆች ደግሞ ማንም የማያነሳቸው ናቸው። ጁስ ቤት «ያለ ስኳር» ብላችሁ አዝዛችሁም ጣፋጭ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ በጆግ የተበጠበጠው ስኳር ውኃ ቀድሞ ማሽኑ ውስጥ ስለገባ ነው። ስለዚህ «በንጹሕ ውኃ ይፈጭልኝ» ማለት ያስፈልጋል። አቮካዶው ራሱ በቂ ቅባት ስላለው አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ የምግብ ያህል ነው፤ ከምሳ በኋላ የሚጠጣ አይደለም። ሻይ ቤት ደግሞ ስኳሩ ተጨምሮ ነው የሚቀርበው። ሦስት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ፣ አንዱ ሞላ ያለ ማንኪያ 5 ግራም ቢሆን 45 ግራም ነው፤ ለስላሳ ያልቀመሰ ሰው የ300 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ ከጠጣው በልጦ አረፈው። ባለ ሻይ ቤቶች ስኳሩን ለብቻ ቢያቀርቡ ወጪ የለውም፤ እንዲያውም ስኳር ይተርፋቸዋል።

ዝክርና ማኅበርም አለ። ጠላው ጎን ሳጥን ለስላሳ ከገባ ወዲህ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» ሲባል እምቢ ማለት ባለ ቤቱን መናቅ ሆኗል። እዚህ ላይ የግል ውሳኔ የሚባለው ነገር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እንቢ የሚልና ሁለተኛ የማይለምን። ውኃ ቀድሞ ቢቀዳ፣ ለስላሳውም በጠርሙስ ሳይሆን በብርጭቆ ቢዞር፣ ማንም ሳይከፋ ግማሽ ይቀንሳል።

ስለ ልጆች አጭር ነገር። የምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩትና የታሸገ ጁስ ከማስገባት የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ የደምቢያ ሽምብራ ቆሎ ይሻላል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎ አይሰጥ፤ ያንቃል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ግቢው ውስጥ ላለው ኪዮስክ ፈቃድ ሲሰጥ ምን እንደሚሸጥ ውሉ ላይ መጻፍ ይችላል። ይህ የወላጅ ኃላፊነት አይደለም፤ ውል ፈራሚው ርእሰ መምህሩ ነው።

«ረሀብ ባለበት አገር ስለ ውፍረት ታወራላችሁ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሲታ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በማሕፀንና በሕፃንነቱ የተራበ ሰውነት ኋላ ላይ ስብ ሲጠራቀምበት ለስኳርና ለደም ግፊት ይበልጥ ይጋለጣል። ቀጭን መሆንም ዋስትና አይደለም፤ በጎንደር ዙሪያ ገጠር የሚገኙ የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቀጭኖች ናቸው።

«ወፈርክ፣ ተመችቶሃል!» የሚለው ሙገሳ እስኪለወጥ ድረስ መለኪያው ሜትር ነው፤ ልብስ ሰፊው የሚጠቀምበት ያው ሜትር። ጋቢና ሹራብ ይውለቅ። የመጨረሻው ጎድንና የዳሌ አጥንት ጫፍ በእጅ ይፈለጉ፤ ሜትሩ በሁለቱ መካከል ይዙር፤ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ይነበብ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግፊትና ስኳር መለካት ይገባል። ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ መለካት ዋናው ስሕተት ነው፤ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ስለሚቀር ቁጥሩ ያታልላል። እርጉዝ በዚህ አትለካም።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ፣ ለዝግጅት ክፍሉ። የጀሪካኑንና የወገቡን ልኬት የሚመዘግብ ባለ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ አዘጋጅተናል፤ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ጀርባው ባዶ በሆነ ገጽ ላይ ብታትሙት። ከሥሩ ግን የለስላሳ ማስታወቂያ ባይሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ጎንደር