ቅድሚያው ለነዋሪው ከሆነ ማስታወቂያውም ይድረሰው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክረምት ሲቃረብ ወረዳዎች ለቦይ ጠረጋ፣ ለችግኝ ተከላና ለልዩ ልዩ ምዝገባ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የአካባቢው ነዋሪ ይቅደም የሚለውን አሠራር እደግፋለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያደገ ወጣት ሐምሌ ላይ የትኛው ቦይ እንደሚሞላ፣ ደለሉ ከየት ታጥቦ እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዞ ለሚመጣው ደግሞ የጥቂት ሳምንት ሥራ ከትራንስፖርት ተርፎ የሚገባለት ነገር የለም።

የሚያናድደኝ አፈጻጸሙ ነው። ባለፈው ግንቦት በአንድ ወረዳ ሰሌዳ ላይ የቅጥር ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ግማሹ በግብር ማሳሰቢያ ተሸፍኗል፤ የምዝገባውን ማብቂያ ቀን ለማንበብ የላዩን ወረቀት መግለጥ ነበረብኝ። ቀኑ ያው የዚያኑ ዕለት ነበር! ቀድሞ የሰማው ተመዝግቦ ጨርሷል፤ እንዴት ቀድሞ እንደሰማ አንባቢ ይገምት። ለቀብር በአንድ ጡሩምባ ሰፈሩን የሚያዳርሱ ዕድሮች ባሉበት ከተማ፣ ሥራ መኖሩን ማሳወቅ ይህን ያህል ሊከብድ አይገባም ነበር።

መታወቂያውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለዓመታት ጓሮ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌለው ከተራው ይወጣል፤ ከሰፈሩ ከለቀቀ የቆየ ሰው ግን የድሮውን መታወቂያ ይዞ ይሰለፋል። በልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዳር የተዛወሩትስ? አድራሻ በለወጡ ማግስት እንግዳ ሆኑ ማለት ነው? እነርሱ በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ በቀድሞው ወረዳቸው ቅድሚያው ሊጠበቅላቸው ይገባል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የሀገሪቱ አካባቢ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ይህ ቅድሚያ ወደ ቋሚ የሥራ መደቦች እንዲሻገር አልመኝም። ለአንድ ክረምት ቦይ ጠረጋ፣ ያውም እኩል መሥራት ከሚችሉት መካከል፣ ጎረቤቱን ማስቀደም ግን ማንንም የሚበድል አይመስለኝም።

ከወረዳዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሳይሸፈን ያቆዩት፤ ለየዕድሩ ዳኛም አንድ አንድ ቅጂ ይስጡ። ቅጥሩ ሲያበቃ የተቀጠሩትን ስም ዝርዝር በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን። ማን የሰፈሩ ሰው እንደሆነ ለማጣራት ሌላ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልጋቸውም፤ እኛው አንብበን እንነግራቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ